የሓትኖ ለተ ግቢ በውኃ ቀለም

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደሴ

ከደሴ መናኸሪያ ስንነሳ ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ሾፌሩ ከመንገዱ ይልቅ ስልኩን ነው የሚያየው። ጉልበቴ ላይ የቀለም ሳጥኔ፣ እግሬ ሥር በካርቶን የተጠቀለለ ወፍራም ወረቀት አለ። አጠገቤ የተቀመጡት የጨርቅ ነጋዴ መቐለ ምን ልሠራ እንደምሄድ ጠየቁኝ። አንድ ቤት ልስል ነው አልኳቸው። ለዚህ ብቻ? ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

የላከችኝ እናቴ ናት። ተወልዳ ያደገችው መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ወሎዬ አግብታ ደሴ ቀረች። ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ የአባቷን ግቢ አላየችውም፤ አሁን ደግሞ ጉልበቴ መኪና አይችልም ትላለች። ግቢው ውስጥ የምትኖረውን እህቷን ፎቶ ላኪልኝ ባለቻት ቁጥር፣ አንዴ ስልኩ ተበላሽቷል፣ አንዴ ኔትወርክ የለም ነው መልሱ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች፤ ሠዓሊ ነኝ ትል የለ፣ ሂድና ስለህ አምጣልኝ አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአላማጣ በላይ

ወደ ኮረም የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግማሹ ተሳፋሪ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ አልጨፈንኩም፤ እንጀራዬ ማየት ነው። አሸንጌ ሐይቅ ዛሬ ግራጫ ነው። ሰማያዊ አድርጎ የሚስለው ሰው፣ ዛሬ እዚህ ያልነበረ ሰው ነው።

ይህን ግትርነት የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ደሴ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ ይስል ነበር። አንድ ባለ ሥጋ ቤት በሬውን አወፍርልኝ ሲለው፣ መጀመሪያ አንተ በሬህን አወፍር ብሎት ደንበኛውን አጣ። እኔም ከቤት ውጭ፣ እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጬ፣ ሳልነሳ የምጨርሰውን ብቻ ነው የምስለው። ከፎቶ አልገለብጥም፣ የሌለ አልጨምርም። ሰውም አልስልም፤ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ሲያልቅ ደግሞ ይቀየማል።

ማይጨው አካባቢ ኬላ ላይ ፈታሹ የቀለም ቱቦዎቼን እያነሳ አሸተታቸው። ቀለም ብቻ መሆናቸውን ሲያረጋግጥ ቅር ያለው መሰለኝ።

ዓርብ፣ ዓዲ ሓቂ እና ቀዳማይ ወያነ

መቐለ ስደርስ መሽቶብኝ ስለነበር ዓዲ ሓቂ የሚባል ሰፈር አልጋ ይዤ አደርኩ። ጠዋት ተማሪ የሞላበት ካፌ በረንዳ ላይ እጄን አፍታታሁ። የመቐለ ነፋስ ደረቅ ነው፤ ሰማዩን ቀብቼ ብሩሹን ሳነሳ ወረቀቱ ደርቋል። ደሴ ጉም ውስጥ የለመደ እጅ እዚህ መፍጠን አለበት። አንዲት ተማሪ ቀርባ ከማዘጋጃ ቤት ነህ ወይ፣ የሚፈርስ ቤት አለ ወይ አለችኝ። የለም ስላት ያመነችኝ አይመስለኝም።

ሓትኖ ለተ የግቢውን በር ገርበብ አድርጋ ከፈተችልኝ። ሓትኖ እዚህ የእናት እህት ማለት ነው። ስማኝ ካበቃች በኋላ ዘመድ እያለህ አልጋ ተከራየህ ብላ ተቆጣች። ግቢው እናቴ እንደነገረችኝ ነው፤ የድንጋይ ቤት፣ ሰማያዊ በር። በሩ ፊት ለፊት ግን፣ አያቴ የተከሉት ወይራ መቆም በነበረበት ቦታ፣ ጉቶ አለ።

የግቢውን በር ለምን ገርበብ ብቻ አድርጋ እንደከፈተችልኝ ገባኝ፤ የፎቶውም ነገር እንዲሁ። ሽሮ እየበላን ነገረችኝ። በጦርነቱ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ከሰልም ጋዝም አልነበረም። ከጎረቤት መጥረቢያ ተውሳ ዛፉን ራሷ ጣለችው፤ እየፈለጠች ማገዶ አደረገችው። ስልክ ሲከፈት መጀመሪያ ቀን ሁለቱም ሲያለቅሱ ዋሉ። ከዚያ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስትል ቆየች።

«አንተ ቀለም አለህ፤ አረንጓዴ ቀባበት፣ በቃ» አለችኝ።

አልችልም አልኳት። የአባቴን በሬ ታሪክ ነገርኳት፤ አልሳቀችም።

«ወደይ፣ ሓፍተይ፣ እናትህ፣ እዚያ ሥር ነው ያደገችው። አባታችን የተከለውን ማገዶ አደረግኩት ብዬ እንዴት ልንገራት?»

አሳዘነችኝ። እጄ ግን እሺ አላለም። ቅር እንዳላት ተለያየን።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያው ግቢ

የግቢው በር አጠገብ ተቀምጬ ቤቱን በእርሳስ አስፍሬ ጨርሻለሁ። ጉቶውንም። ሓትኖ ከቤት ወጥታ ከትከሻዬ በላይ አየች። ሄዳ ጉቶው ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ዘርግታ እስከ መሬት ሸፈነችው።

«የምታየውን ብቻ ነው የምትስለው አይደል? አሁን ጉቶ ይታይሃል?»

አይታይም አልኳት።

«ሕራይ። በል ጀምር።»

ተንኮሏን አደነቅኩ። የእርሳሱን ጉቶ በላጲስ አጠፋሁ። በውኃ ቀለም ነጭ የሚባለው ሳይነካ የቀረ ወረቀት ስለሆነ፣ ነጠላዋን ሳልነካ ዙሪያውን ቀባሁ። ፊቷ ላይ ብዙ ቆየሁ። ፀሐዩ ፊት ለፊት እየመታት ዓይኗን አጥብባለች፤ ሆኖም አልተንቀሳቀሰችም። ሰው መሳል ይህን ያህል እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ስጨርስ ሥዕሉን አቅርባ አየችው፤ ራሷን ሳይሆን እግሯ ሥር ያለውን ጉቶ ነበር የምትፈልገው። ስታጣው ግንባሬን ሳመችኝ። እኔም አልዋሸሁም፣ እሷም አልተጋለጠችም ብዬ ደስ አለኝ።

እሑድ ማታ፣ ደሴ

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሥዕሉን መብራት ሥር ያዘችው። ዛፉ የታለ ብትለኝ ከወረቀቱ ውጭ ቀርቷል ልላት ተዘጋጅቻለሁ። አልጠየቀችኝም። የእህቷን ፊት ስታይ ቆየች።

«ፀሐይ ላይ ነው የተቀመጠችው» አለች።

እኔም ጎንበስ ብዬ ሥዕሉን አየሁት።

«ወይራው እያለ በሩ ፊት ለፊት ጠዋት ፀሐይ ገብቶ አያውቅም።»

ቁጣዋን ጠበቅኩ። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«እሷ ያንን ዛፍ እስክትቆርጥ ድረስ ተቸግራ፣ እኔ ፎቶ ላኪልኝ እያልኩ አስጨንቃታለሁ» አለች። ከዚያ ሻንጣው የት እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ወዲያውም «የመቐለው መኪና ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለችኝ።