የአደ ወርቂቱ መሬት

ኖራ የጠጣ ጠጉርና የረጠበ ሥጋ ሽታ ከወንዙ በኩል ሲመጣ፣ ሞጆ ላይ የማታው ነፋስ መነሣቱን እናውቅ ነበር። ዛሬም ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሽው ሲል ኦቦ ቱፋ ትዝ ይሉኛል።

በግቢያቸው ተከራይ ነበርሁ። እሳቸው ቆዳ ፋብሪካው ውስጥ ከቆዳው ላይ ሥጋ መፋቂያው ክፍል ይሠሩ ነበር። የታላቅ እኅታቸውን የአደ ወርቂቱን መሬት ጎርፍ ጠርጎት፣ ነጭ አሸዋ ብቻ ቀርቶበት ነበር። አንድ ደላላ ለአሸዋ ቆፋሪዎች ሊያስወስደው ሲመላለስ ኦቦ ቱፋ፣ «እትዬ፣ ይህን ክረምት ብቻ ታገሺኝ» አሏቸው።

መሬቱን ሊያዳብሩበት፣ ፋብሪካው የሚጥለውን ጠጉርና የሥጋ ፍቅፋቂ አጥበው ከጭድና ከእበት ጋር ጉድጓድ ውስጥ ከመሩት። ክሮም የተባለው የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል የነካውን ሰማያዊ ብናኝ ግን አላስጠጉም፤ መሬት ይገድላል ባይ ናቸው።

«ቱፋ፣ ጠጉር ዘርተህ በግ ልታጭድ ነው?» ይላቸዋል የሥራ ባልደረባቸው።

«ከበቀለ ጠቦቱ ላንተ፤ እኔ ጤፉ ይበቃኛል።»

ክምሩ አፈር አፈር እስኪሸት መቆየት ነበረበት። ዝናቡ ሲቀድም ግን ቸኩለው፣ ሥጋው በቅጡ ሳይበሰብስ መሬቱ ላይ በተኑትና ጤፉ ተዘራበት። ሲነጋ ጅብ ሽታውን ተከትሎ እኩሌታውን ቆፍሮት ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ጭቃውን ረግጠው ሄደው፣ አጎንብሰው አይተው ይመለሳሉ። ፊታቸውን ሳይ መጠየቁን እተወዋለሁ።

ቅዳሜ ደላላው ውሉንና የጣት ቀለሙን ይዞ አደ ወርቂቱ ቤት መጣ። ኦቦ ቱፋ እኔንም አስከትለው ሄዱ።

«እማማ፣ ሰዎቹ መኪና አዘጋጅተዋል፤ እዚህች ላይ ብቻ» አለ ደላላው።

አደ ወርቂቱ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። በቅሏል?»

«ጅቡ በቆፈረው በኩል ምንም የለም። በታችኛው በኩል… ትናንት ምንም አልነበረም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አላየሁም።»

«ለምን?»

ኦቦ ቱፋ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡ። «ፈራሁ፣ እትዬ።»

«እኔን ሰባ ዓመት ሙሉ ያበላ መሬት ሳይታይ ይሰጣል?»

«እማማ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ» አለ ደላላው ወረቀቱን እያስጠጋ።

አደ ወርቂቱ ጣታቸውን በነጠላቸው ጥለት ጠረጉት። ከበሩ ጀርባ ዶማውን አንሥተው፣ ማናችንንም ደህና ዋሉ ሳይሉ ወደ መሬታቸው ወጡ።