አባዬ ከዓሣው ጋር የተነሣው ፎቶ

ዕቃ ሳጥብ ባዶ ጠርሙስ ውሃው ውስጥ ሰምጦ ቡልቅ ሲል እጄ ቀጥ ይላል። ያ ድምፅ አባዬ ዓሣ ያጠምድባት የነበረችው የእንጨት ዓሣ ድምፅ ነው፤ ክሩን ሳብ ሲያደርጋት፣ እንደ ማንኪያ የተቦረቦረው አፏ ውሃውን እየጎረሰ ልክ እንደዚያ ቡልቅ ትል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ እኔ ግን ዛሬም ስሰማው የአሥር ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ያኔ የምንኖረው አሜሪካ፣ ቻምብሊ በምትባል ከተማ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ከተደረደሩት አፓርታማዎች በአንዱ ነበር። አባዬ ዳውንታውን ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ካሸር ስለነበር ፀሐይን ደህና አድርጎ የሚያያት ኦፍ በሚወጣበት በቅዳሜ ብቻ ነበር። ከእኛ በታች የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ፣ አባዬ ሶፋቸውን ተሸክሞ ስላወረደላቸው የዓሣ ማጥመጃ ሳጥናቸውን ሰጡት። ዝገት የጀመረው የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ስንከፍተው ከአባዬ ዕድሜ የሚበልጡ፣ ቀለማቸው የተላላጠ፣ የብርጭቆ ዓይን ያላቸው የእንጨት ዓሦች ሆዳቸው ሥር መንጠቆ እያንጠለጠሉ ተደርድረውበታል። እማዬ አየችና «ወይ ጉድ! ሰው ያን የሚያህል ሶፋ ተሸክሞ መጫወቻ ይዞ ይገባል?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችበት።

ጸደይ ሲገባ ከሎረንስቪል ወዲያ ወዳለ ትንሽ ሐይቅ መሄድ ጀመርን። ሽማግሌው ለአባዬ ያስተማሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ለእኔ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ደጋግሞ አስጠናኝ፦ እንጨቷ ተወርውራ ውሃው ላይ ስታርፍ ዙሪያዋን ክብ ይነሣል፤ ያ ክብ ሰፍቶ ሰፍቶ እስኪጠፋ እጅም አፍም አይነቃነቅም፤ ከዚያ ሳብ፣ ቡልቅ፣ እንደገና ዝም። ባስ የሚሉት ዓሣ ከሥር ሆኖ ሲያደባ ይቆይና ድንገት ውሃውን ሰንጥቆ ይወጣባታል። እኔ ደግሞ አፌ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ፤ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጓደኛዬ ድመት፣ ስለ ረሃቤ ስለፈልፍ «ዝም በይ እንጂ አንቺ ልጅ! ያሁኑ ደግሞ ሰምቶሽ ሄደ» ይለኝ ነበር። ሲቆጣ እንኳ ጢሙ ሥር ይስቃል። የያዝነውንም መልሰን እንለቀው ነበር፣ እማዬ «የሚሸት ነገር ቤቴ አይገባም» ብላለችና።

በዚያ ሰመር የአባዬ ደስታ ሌላ ነበር። ደሴ የሚኖሩትን እናቱን ካያቸው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ለገና ሊሄድ ትኬት ቆርጦ፣ አልጋው አጠገብ ሻንጣ ከፍቶ አስቀምጦ፣ ከሥራ በገባ ቁጥር አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ሹራብ፣ ሞቅ ያለ ካልሲ፣ የጉልበት ቅባት። እኔ አያቴን የማውቃቸው በስልክ ብቻ ነው። «ድምፅሽ ወፈረ፣ አደግሽ መሰለኝ» ይሉኝ ነበር።

የፍልሰታ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ መታጠቢያ ቤት ዘግታ ቧንቧውን ከፍታዋለች፤ ከውሃው ሥር ግን ልቅሶዋ ይሰማል። አንኳኳሁ። እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝና አያቴ ማረፋቸውን፣ ከተቀበሩም ሁለት ቀን እንደሆናቸው በሹክሹክታ ነገረችኝ። ክው አልኩ።

«ለአባዬ አንነግረውም?»

«መርዶ እንዲህ አይነገርም። የሚይዘው ሰው በሌለበት ቢሰማ ምን ይሆናል? እሁድ ጧት የዕድራችን ሽማግሌዎች መጥተው ይነግሩታል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው። አንድ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ!»

ቅዳሜ ዕለት ልታስቀረው ሞክራ ነበር፤ ራሴን አመመኝ አለች፣ ገበያ አለብኝ አለች። ፊቷን ትክ ብሎ ሲያያት ግን እንዳይጠረጥር ፈርታ «በሉ ሂዱ» አለች፣ በሩ ላይ ስትስመኝም በጆሮዬ «ውሃ ዳር ነው፣ ዋናም አይችልም። አደራ!» አለችኝ። የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ አደራ ተሸክማ ታውቃለች? እኔ ተሸከምኩ።

ሐይቁ ጋ ደርሰን መኪናዋን ፓርክ እንዳደረገ፣ ሁልጊዜ ከማልጠጋው ውሃ ጫፍ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ፤ አፌ አምልጦኝ እሱ ቢወድቅ ሸሚዙን ልይዘው ነው። ትንፍሽ አላልኩም። እንጨቷን ወረወረ፣ ክቡ ሰፋ፣ ጠፋ፤ ሳብ አደረጋት፣ ቡልቅ። «እሰይ የኔ ልጅ!» አለኝ ራሴን እየዳበሰ፣ «ዛሬ ገና ዓሣ ማጥመድ ገባሽ!» በዝምታዬ ሲያመሰግነኝ አንጀቴን በላው።

ከዚያ ውሃው ፈነዳ። ዘንጉ ጎበጠ፣ አባዬ በደሴኛ እየጮኸ፣ እየሳቀ፣ ጫማውን እያራሰ ጎትቶ ያወጣው ባስ ክንዴን ያህል ነበር፤ ከዚያ በፊትም በኋላም እንዲያ ያለ አልያዝንም። ዓሣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ «ቶሎ፣ ቶሎ ፎቶ አንሺኝ! ለእናቴ እልክላታለሁ። ልጄ ዓሣ አጥማጅ ሆነ ብላ ስትስቅብኝ ታየኝ» አለ። የፎቶ ማንሻዋን ወደ ዓይኔ አነሣሁ። በዚያች በትንሿ መስኮት ውስጥ አባዬ ጥርሱ በሙሉ እስኪታይ ይስቃል። ቁልፉን ተጫንኩ።

እሁድ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ሲገቡ አባዬ ማንም ሳይነግረው ገባው፣ «እናቴን!» ብሎ ወደ መሬት ሲወድቅ አራት ወንዶች ያዙት። እማዬ ልክ ነበረች፤ እኔ ብቻዬን አልይዘውም ነበር።

መኸር ገብቶ ቅጠሉ ሲረግፍ ፊልሙ ታጥቦ መጣ። አባዬ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆይቶ አንዷ ላይ ቀረ። ጀርባዋ ላይ ቀኑን ሊጽፍ እስክሪብቶ አንሥቶ ነበር፤ ቀኑን ሲያስብ እጁ ቆመ። «እናቴ አፈር ውስጥ ናት» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እዚህ ጥርሴን አሳያለሁ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያን ቀን ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። እንዳወቀብኝ አውቃለሁ። ያን ምሽት የቆርቆሮ ሳጥኑ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ፣ ፎቶዋም አብራው። ትኬቱን መለሰ፣ ሻንጣውን የሚሄድ ሰው ይዞለት ሄደ፤ የጉልበት ቅባቱ ብቻ በምን እንደተረሳ እንጃ፣ መታጠቢያ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ክረምቱን ሙሉ ሳይከፈት ቆመ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እኔ ቀድሜ ተነሥቼ ጫማዬን አደርግ ነበር፤ አባዬ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። እንደገና ሐይቅ ሳንሄድ አደግኩ።

አሁን ሎረንስቪል የራሴ ቤት አለኝ፣ እማዬና አባዬም ከእኔ ጋር ናቸው። አባዬ መርሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ «እናቴ እንዴት ናት?» ሲለኝ፣ ያችን ውሸት በሕይወቴ አልደግማትም ብዬ ምዬ ስለነበር እውነቱን ነገርኩት። አዲስ መርዶ ሆነበት። ሽማግሌ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ አገጩ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ፤ ምሳ ሲቀርብ ደግሞ ረስቶት «እናቴ እንዴት ናት?» አለኝ። አፌን ልከፍት ስል እማዬ እጄን ያዘች። «ልጄ፣ እናቱን ስንት ጊዜ ትገድይበታለሽ?»

ሳጥኑን አወረድኩ። መንጠቆዎቹን በፒንሳ ነቅዬ ጣልኩና ቅዳሜ ዕለት ወደዚያው ሐይቅ ወሰድኩት። የኔን ስም እንኳ አንዳንዴ ይረሳዋል፣ እጁ ግን ዘንጉን አልረሳም፤ እንጨቷን ወረወራት፣ ክቡ እስኪጠፋ ጠበቀ፣ ሳብ አደረጋት። ቡልቅ።

«ፎቶውን ለእናቴ ላክሽላት?» አለኝ።

«አዎ አባዬ፣ ደርሷቸዋል።»

«ምን አለች?»

ክቡ እስኪጠፋ ዝም አልኩ።

«ልጄ ዓሣ አጥማጅ ሆነ ብለው ሳቁብህ።»

ሳቀ፤ ልክ እንደዚያን ቀን፣ ጥርሱ በሙሉ እስኪታይ። ያኔ አደራዬ የሦስት ቀን ነበር፣ እሁድ ሲነጋ ሽማግሌዎቹ መጥተው ከላዬ አወረዱልኝ። ያሁኑን የሚያወርድልኝ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አባዬ ይስቃል።