የሽሮፑ ጥቁር ብናኝ

የምሠራው የመድኃኒት ጥራት በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው፤ ሥራዬም ብናኝ መፈለግ። ሽሮፑን በማጣሪያ ወረቀት አሳልፌ የቀረውን አደርቅና በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። መድኃኒቱ የማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ከአርብ ገበያ አንድ ጠርሙስ ከፖሊስ ደብዳቤ ጋር መጣ። በውሃ የሚበጠበጥ የሕፃናት ሽሮፕ ነው። የልጁ አባት ከሥሩ የዘቀጠ ጥቁር ነገር አይቶ ባለመድኃኒት ቤቱን ከሷል። አርብ ገበያ የአገሬ ገበያ ናት፤ ባለመድኃኒት ቤቱንም በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ ፀጉራቸው የሸበተ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አጣርቼ ሳይ የከሰልና የአመድ ቅንጣት ሞልቶታል። «ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል» ብዬ ጻፍኩ። ከመድኃኒት ቤቱ ያልተከፈተ ጠርሙስ አስመጥቼ ማመሳከር ነበረብኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ተውኩት። መድኃኒት ቤቱ ታሸገ።

ከሁለት ወር በኋላ እናቴን ልጠይቅ ወደ አገሬ ሄድኩ። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ክኒን ልውጥ ውሃ ቀዳሁ። እናቴ ከመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን እምነት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም ያስመጣችውን የዕጣን ጥና አመድ፣ ፈታ ቆንጠር አደረገችና ብርጭቆዬ ውስጥ ጣል አደረገች።

«ከመድኃኒቱ ጋር ይርዳሽ» አለችኝ።

በልጅነቴ ስንቴ ጠጥቼዋለሁ። ጥቁሩ ብናኝ ከብርጭቆው ሥር ሲዘቅጥ እያየሁ የአርብ ገበያው ጠርሙስ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ የልጁን እናት አፈላልጌ አገኘኋት። አልደበቀችኝም።

«ልጄ ሲያቃስትብኝ ጊዜ እምነት ጨመርሁበት፤ ዳነልኝም። አባቱ ሲከስ እኔን የጠየቀኝ የለ። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም» አልኳት። ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። ከእምነቱ ቆንጥራ ሰጠችኝ፤ ከታሸገው መድኃኒት ቤት ካልተከፈቱት ጠርሙሶችም ተልኮልኝ መረመርኩ። ጠርሙሶቹ ንጹሕ ናቸው፤ የሽሮፑ ቅንጣት ከእምነቱ ጋር አንድ ነው። ሁለተኛ ወረቀት ጻፍኩ፤ መድኃኒት ቤቱ ተከፈተ።

ባለመድኃኒት ቤቱን ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አርብ ስለነበር ገበያው ጢም ብሏል፤ እሳቸው ዘንድ ግን አንድ ሰው የለም።

«ፖሊሶቹ ያችኛዋን ወረቀት ገበያ መሀል ነበር ያነበቧት» አሉኝ። «ይችኛዋን በእጄ ሰጥተውኝ ሄዱ።»

እኔ እልኸኛ ነኝ። ወረቀቱን ተቀብያቸው እህል ተራ መሀል ቆምኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት። የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ የፊተኛውም የእኔ ስህተት መሆኑን ጨመርኩ። ሰዉ ከበበኝ። ከአህያቸው ገብስ ሲያራግፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ያችኛዋንም የጻፍሽ አንቺው ነሽ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ይችኛዋ እውነት ለመሆኗ ዋሳችን ማን ነው?»

ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ አየሁት፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔው ብቻ ነው። ባለመድኃኒት ቤቱ ከበራቸው ላይ ቆመው መልሴን ይጠብቁ ነበር።