ለእህቴ የተረጎምኩት የሐኪም ቃል

ነገሩ የሆነው በ2001 ዓ.ም. ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ስሠራ ነው። የማልረሳው ታናሽ እህቴ ሰሚራ በሐኪም ፊት በጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ የተነሳ ነው።

ሰሚራ ሃያ ዓመቷ ነበር። ከድሬዳዋ ያስመጣኋት እኔ ነኝ፤ ካርቲየ 3 በሚባል ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ የሀገራችን ሰዎች ቤት አስቀጠርኳት። ሦስት ወር ሳይሞላት አሠሪዋ ደውለው ልጅቷ መቀመጥ እንደምታበዛ፣ ጣሪያ ላይ ውሃ ለማውጣት ግማሽ ቀን እንደሚፈጅባት ነገሩኝ። አፈርኩ። አርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ሄጄ በአሠሪዋ ፊት ተቆጣኋት፤ ሰነፍ፣ አሰዳቢ አልኳት። እሷም ባልዲውን አንስታ ወጣች። ስትመለስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር፤ ሙቀቱ ነው አልኩ።

በሳምንቱ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ሆስፒታል የመረመረቻት አንዲት ፈረንሳዊት ሐኪም ናት። ሰሚራ ፈረንሳይኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

ሐኪሟ ሰሚራን በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያማት እንደነበር ጠየቀችኝ። አዎ፣ ሎሚና ማር እየተሰጣት ነው ያደገችው አልኳት። ሰውነቷ ያንን በሽታ ሲዋጋ የገዛ ልቧን ቫልቭ አቁስሎታል አለችኝ። ቫልቩ ዝም ብሎ የሚከፈትና የሚዘጋ ስስ ሥጋ እንዳይመስልሽ፤ ውስጡ ሕይወት ያላቸው ሴሎች አሉ፣ ሥራቸውም የተጎዳውን መጠገን ነው። በሰሚራ ልብ ግን መጠገናቸውን ማቆም አልቻሉም። ጠባሳ በጠባሳ ላይ ሲደርቡ ቫልቩ ደንድኖ፣ የደሙ መተላለፊያ ጠቧል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ እሱ ደግሞ የሚሠራው ሌላ አገር ነው።

እንደገባኝ ተረጎምኩላት። ስለ ቀዶ ሕክምናው ትጠይቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እጄን ያዘችና ቀስ ብላ፣

«እቴቴ፣ እንግዲያው ስንፍና አልነበረም ማለት ነው?» አለችኝ።

ሐኪሟ እህቴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። መተርጎም አቃተኝ።

ወደ አዲስ አበባ ልንወስዳት ወረቀት ስናሟላ ሰሚራ አረፈች።

ብዙ ሰው ቀኗ ደርሶ ነው ብሎ አጽናንቶኛል። በሽታውን እንዳላመጣሁባትም አውቃለሁ። ግን በተኛችባቸው ቀናት ሾርባ ሳጎርሳት፣ ፀጉሯን ስጎነጉንላት፣ ዛሬ ይቅርታ እላታለሁ፣ ነገ እላታለሁ እያልኩ ሳልላት ቀረሁ።

አሁን ልጆች አሉኝ። ስለማያውቋት አክስታቸው ሲጠይቁኝ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች እላቸዋለሁ።