ጠበቅ ያለ ሹሩባ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች ሞልተዋል። የፍቅርተን ያህል አጥብቆ የሚሠራ ግን አልነበረም። ይህን የምትናገረው ራሷ ፍቅርተ ነበረች፤ ውሸቷን ግን አልነበረም። ከገበያው ዝቅ ብላ ባለችው ቤቷ በረንዳ ላይ በርጩማዋን ይዛ፣ ደንበኛዋን ከጉልበቶቿ መሃል ሰሌን ላይ አስቀምጣ፣ የሴትዮዋን ራስ ወዲያና ወዲህ እያዘነበለች ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የእሷ ሹሩባ ወር ሙሉ ይቆያል። ከአንበሳሜ ድረስ መኪና ተሳፍረው የሚመጡት ለዚህ ነበር፤ ለሠርጉ የተሠራች ሴት መልሱንም ቅልቅሉንም ሳትፈታው ትጨርሳለች።

የጥሩ ሹሩባ ምልክቱ የተሠሪዋ ቅንድብ ነው። ተሠርታ ስትነሣ ቅንድቧ ወደ ላይ ካልተሳበ ገንዘቧን በከንቱ እንደሰጠች ይቆጠራል። በመጀመሪያው ሌሊት ራስን ትራስ ላይ ማሳረፍ ጭንቅ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ በጸጉሩ ዳር ዳር ጥቃቅን ብጉሮች ፍጥጥ ይላሉ። ይህንንም እንደ ጉድለት የሚያይ አልነበረም። እንዲያውም አንዳንዷ ሴት ብጉሩን ለጎረቤቷ እያሳየች፣ «ፍቅርተ ናት የሠራችኝ» ትል ነበር።

ፍቅርተ ታፔላ የላትም። ታፔላዋ የአንድያ ልጇ የሠናይት ራስ ነበር። ሠናይት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከእናቷ ጉልበት ሥር ትቀመጣለች። የደንበኛ ጸጉር ጠበቅ ይደረጋል፤ የሠናይት ግን ከሁሉም ይብስ ነበር፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ ሁሉ የሚዞረው እሱ ነው። ትንሽ ሳለች ታለቅስ ነበር። እናቷም «ቻይ፣ ልጨርስ ነው» ትላታለች፤ ለመጨረስ ግን ሁለት ሰዓት ይቀራት ነበር። አደገችና ማልቀሱን ተወች። ፍቅርተም ለመደችው ብላ ደስ አላት።

ነገሩን መጀመሪያ ያየችው ዙበይዳ ናት። ዙበይዳ ጎረቤት ነች፤ ከፍቅርተ በረንዳ አጠገብ ሱቅ አላት፣ የጸጉር ቅባት፣ ሚዶና ሳሙና ትሸጣለች። ምላሷ ስል ነው፣ ልቧ ግን የዋህ። አንድ ቀን ሠናይት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትክ ብላ አየቻትና፣

«ፍቅርተ፣ የልጅሽ ግንባር ሰፋብኝ» አለች።

«ግንባሯ የአባቷ ነው።»

«የአባቷ ግንባር ዓምና የት ሄዶ ነበር?»

ፍቅርተ ስቃ አለፈችው። ማታ ግን ልጇን ወደ መብራቱ አዙራ አየቻት። ከጆሮዋ በላይ በሁለቱም በኩል፣ ሁለት ጣት የሚሆን ቦታ ላይ ጸጉሩ ሳስቷል። የቀረው እንደ ሕፃን ጸጉር የቀጠነ ብናኝ ነው። የዚያኑ ማታ ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረች፤ ፍቅርተ ደግሞ ጥፋተኛ ለማግኘት አትቸገርም። መጀመሪያ የቧንቧው ውሃ ነው አለች። ከዚያ ዙበይዳ የምትሸጠው ሻምፖ ሆነ፤ ሁለቱ ሦስት ቀን ተኳረፉ። ቀጥሎ ጥናት በዝቶባት ነው አለች፣ በመጨረሻም የሰው ዓይን ነው አለች። ያንን ሁሉ ስትቆጥር የራሷ ጣቶች አንድም ጊዜ ትዝ አላሏትም።

መድኃኒቱንም እሷው አዘዘች። ለጋ ቅቤ ቀባቻት፤ ሽታው ልጅቷን ከጓደኞቿ ለየ እንጂ ጸጉሩን አላበቀለም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ለጠፈችበት፤ ቆዳዋ ተቃጠለ። በሦስተኛው እሬት ሆነ። በመጨረሻ አንዲት ደንበኛ ወንዛዬን አነሣች፤ የወንዛዬ ፍል ውሃ ቁርጥማት ያድናል፣ ቆዳም ያድናል፣ ለራስ እንዴት እንቢ ይላል አለች። ፍቅርተ ቆርጣ ተነሣች።

ከመሄዳቸው በፊት ባለው ቀን ግን ሠናይትን ሰሌኑ ላይ አስቀመጠቻት። ሰባት ቀን ውሃ ውስጥ ስለምትገባ ጸጉሯ እንዳይላላ አዲስ ሹሩባ ሠራቻት፤ በዕድሜዋ ከሠራችው ሁሉ የጠበቀውን።

ወንዛዬ ሰባት ቀን ሰነበቱ። ሠናይት ጠዋት ማታ ትዘፈቃለች፣ ፍቅርተ ዳር ሆና ትጠብቃለች። ውሃው ጉንጉኑን አንዲት እንኳ አላላላውም። ለጉልበታቸውና ለወገባቸው የመጡ ሴቶች «ይህንን ማን ሠራው?» እያሉ ጠየቁ፤ ፍቅርተ ሕመምተኛ ልጅ ይዛ ሄዳ አራት ደንበኛ ይዛ ተመለሰች። እቤት ደርሰው ስትፈታው ግን የግራው ጎን ጸጉር በሚዶው መጣ። ተነቅሎ፣ ሥሩ ላይ ነጭ ፍሬ እንደያዘ። ፍቅርተ ሚዶውን ከነተነቀለው ጸጉር ይዛ ወደ ዙበይዳ ሱቅ ገባችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

ዙበይዳ አይታ አልቀለደችም። «ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም አለች። ነገ ውሰጃት፣ ሱቄን ዘግቼ አብሬሽ ልሂድ?» አለቻት። ፍቅርተ «እኔ እበቃለሁ» አለች፤ በማግስቱም ልጇን ይዛ ሄደች።

ሐኪሟ ዶክተር ሰላማዊት ይሏታል፤ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። መብራት ባለው ትንሽ ማጉያ የሠናይትን ራስ ዘለላ በዘለላ እያየች ትጠይቃለች፣ የምትጠይቅበትንም ምክንያት ትናገራለች። በቅርብ ታይፎይድ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ይዟት ነበር? ከትኩሳት በኋላ በሁለትና በሦስት ወሩ ጸጉር ከመላው ራስ ይረግፋል፣ በራሱ ጊዜም ይመለሳል። የወር አበባዋ ይበዛባታል? የደም ማነስ ጸጉር ያሳሳል። ያሳክካታል፣ ቅርፊት ያወጣባታል? ያ ከሆነ ቆረቆር ነው፣ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ የሚዋጥ መድኃኒት አለው። ድንገት እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የተላጨ የሚመስል ቦታ አይታ ታውቃለች? ያ ላሽ ነው፤ የሰውነት የራሱ መከላከያ የጸጉሩን ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃው የሚመጣ ነው።

ለሁሉም መልሱ የለም ሆነ።

«ጸጉሯን ማን ነው የሚሠራት?»

ፍቅርተ ከወንበሯ ቀና አለች። «እኔ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ እንደኔ አጥብቆ የሚሠራ አታገኚም።»

ዶክተሯ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እናት፣ ሕመሙ እሱ ነው» አለች። ከዚያ በዝግታ አስረዳቻት፤ ጸጉር ዓመት በዓመት ሲሳብ ሥሩ ይቆስላል፣ ብጉሮቹም የዚያ ምልክት ናቸው፣ መጀመሪያ የሚጎዳው የግንባሩና የጆሮ ግንዱ ዳር ነው። ቶሎ ከተተወ ይበቅላል፤ ስድስት ወርም ዓመትም ሊወስድ ይችላል። ለቁስሉ የሚቀባ መድኃኒት ጻፈች። «ዋናው ግን መፍታት ነው። ጸጉሩ የሚበቅልባቸው ቀዳዳዎች አሁንም አሉ፣ በማጉያው ይታዩኛል። ከተደፈኑ በኋላ ቢሆን ኖሮ ምንም ላደርግላት አልችልም ነበር።»

«ሲደፈን ምን ይመስላል?»

ዶክተሯ ወደ ፍቅርተ ዞረችና «ሻሽዎን ዝቅ ያደርጉልኛል?» አለች። ፍቅርተ አደረገች። ከግንባሯ ጎንና ጎን ቆዳዋ ልሙጥና አንጸባራቂ ነው፣ እንደ ቃጠሎ ጠባሳ። እሷ እርጅና ነው ስትል ኖራለች፤ አርባ አራት ዓመቷ ነው። «የእርስዎ ተደፍኗል» አለች ዶክተሯ፣ እንደ ሰው አዝና። ፍቅርተ ሻሿን መልሳ አሰረች። አክስቷ ነበሩ ሙያውን ያስተማሯት፣ ጸጉሯንም እስኪሞቱ ድረስ የሠሩላት እሳቸው ነበሩ። እሳቸውም ሻሽ ሳያስሩ ታይተው አያውቁም።

ቤታቸው ሊደርሱ ሲሉ ሠናይት ቆመችና፣ «እማዬ፣ ያመኛል እያልኩሽ ነበር» አለች። አልጮኸችም። ብትጮኽባት ፍቅርተ መልስ አታጣም ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ራሴን ማንም አይነካብኝም» ብላ ገባች። ቅዳሜ ዕለት ብቻዋን ሄዳ ጸጉሯን አሳጥራ መጣች። ፍቅርተ ስታያት አለቀሰች፤ ታፔላዋ ስለወረደ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጅቷ ስትነግራት ስላልሰማች ነበር፣ ይህንንም ለዙበይዳ ፊት ለፊት ነገረቻት።

ፍቅርተ ግን ቁጭ ብላ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። በሳምንቱ የልጇን መድኃኒት ሰበብ አድርጋ ዶክተሯ ዘንድ ተመለሰችና የሆዷን ሁሉ ጠየቀች። በእጇ ስንት ሺህ ራስ አልፏል፤ ያየችውን ሁሉ ከነስሙ ከሐኪሟ ተማረች። ዛሬ ሕፃን ራሱ ቅርፊት አውጥቶ ሲመጣላት አትነካውም፤ «ይህ ቆረቆር ነው፣ ቅባት ብቻ አይበቃውም፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ብላ ትመልሳለች፣ ሚዶዋንም ትቀቅላለች። ከወለደች አራት ወር የሆናት እመጫት ጸጉሬ በእፍኝ ረገፈ ብላ ስትመጣ «ይመለሳል፣ ደኅና ምግብ ብዪ» ትላታለች። ላሽ ያየችበትን ሰው «ሰይጣን ላሰህ» የሚሉትን እየገሠጸች ወደ ሆስፒታል ትልካለች። የመጣውን ሰው ሁሉ አትሠራም፤ የምትሠራውንም ከግንባር አካባቢ ላላ አድርጋ፣ ወፍራም ወፍራም አድርጋ ነው የምትሠራው፤ በሦስተኛው ሳምንት ታስፈታና ጸጉሩን ታሳርፋለች።

ያጉረመረመ አልጠፋም። የድሮ ደንበኛዋ ወይዘሮ እመቤት ተሠርታ ስትነሣ መስታወት አየች፤ ቅንድቧ ቦታው ነው።

«ፍቅርተ፣ እጅሽ ደክሟል።»

«እጄ ደኅና ነው። ጸጉርሽን ልተውልሽ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ እመቤት ሌላ ዘንድ ሄደች። ሌሎችም ሄዱ፤ ከደንበኞቿ ግማሹን ያጣች ጊዜ ዙበይዳ ተጨንቃ፣ ላይ ላዩን ጠበቅ ብታደርጊው ምን አለበት አለቻት። ፍቅርተ አልሰማቻትም። በዓመቱ ከሄዱት የተመለሱም አሉ፣ ልጆቻቸውን ይዘው። ያ ደስ አሰኛት፤ እንቅልፍ የሚነሣት ግን የልጇ ነገር ነበር።

የሠናይት ጸጉር በአራተኛው ወር በግራ በኩል መብቀል ጀመረ። ፍቅርተ ይህንን ያወቀችው ከሩቅ እያየች ነው፣ ልጅቷ አታስጠጋትም። መድኃኒቷን ራሷ ትቀባለች፣ ራሷን ራሷ ታጥባለች። አብረው ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ነገር ግን እናቷ ከትከሻዋ በላይ እጇን ካነሣች ሸሸት ትላለች። ቀኙም በሰባተኛው ወር ተከተለ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ብቻ እምቢ ብላ ቀረች።

ዓመት ከምናምን አለፈ። የሠናይት የአጎቷ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፍቅርተ ደንበኛ ሸኝታ ሰሌኑን ስታራግፍ፣ ሠናይት መጥታ ዝም ብላ ተቀመጠችበት፤ ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ። ጸጉሯ ከጆሮዋ ወርዷል።

ፍቅርተ ሚዶዋን አነሣች። መስመሩን አወጣች፣ የመጀመሪያዋን ጎነጎነች፣ ሁለተኛዋን ጎነጎነች።

«ያማል» አለች ሠናይት።

ፍቅርተ ፈታችው። እንደ አዲስ ጀመረች፤ ጣቷ በጉንጉኑ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አላላችው።

«አሁንስ?»

«ያማል።»

የሠራችው ከመላላቱ የተነሣ አንዲትም ዘለላ እንደማይስብ ፍቅርተ በጣቷ ታውቃለች፤ በዚህ አትሳሳትም። ልጅቷም ራሷ እንዳላመማት ታውቃለች። ፍቅርተ ግን ልጇን ሰማችና ያንንም ፈታችው።