የሚሊሜትር ወፍራም መስመሮች

በቤት ዕቃ ማምረቻው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም «ሚሊሜትር» ናት። ስሙ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ አክብሮት ነው። ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ፣ ሻይዋ ውስጥ ስኳር ስትጨምር እንኳ የማንኪያውን አናት በጣቷ ደልድላ የምትለካ ሴት ናት። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሜትሩን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በዐይናቸው ገምተው ይቆርጡ ስለነበር፣ ልጅነቷ የጠበበ ቀሚስ ሲፈታ በማየት አለፈ። የመለካት አባዜ የያዘኝ ያኔ ነው ትላለች፤ እኔም አምናታለሁ።

ቢሮዋ ከመጋዙ ክፍል በላይ፣ አሥራ ስምንት ደረጃ ተወጥቶ የሚገኝ ጠባብ ሰገነት ነው። ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ኪቦርዱን ገልብጣ የእንጨት ብናኙን ታራግፋለች። ከዚያ በኮምፒውተሯ ቁም ሳጥን፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ ትስላለች። ደንበኛ የፊቱን፣ የጎኑንና የላዩን እይታ ለየብቻ ሲያሳዩት «ሦስቱም የእኔ ናቸው?» ብሎ ይደናገራል። ስለዚህ ዕቃው በአንድ ሥዕል ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ታደርጋለች። በጣም የምትወደው ኦብሊክ የሚባለውን ነበር። በኦብሊክ የዕቃው ፊት ቀጥ ብሎ እንዳለ ይሳላል፣ ጥልቀቱ ብቻ ወደ ኋላ በሰያፍ ይሄዳል። ጥልቀቱን በሙሉ ልኩ ከሳሉት ግን ቁም ሳጥኑ የባቡር ፉርጎ ይመስላል፤ ለዐይን እንዲያምር በግማሽ ታሳጥረዋለች። ኮምፒውተሩ መስመሩን ለክቶ «30» ሲላት፣ እሷ አጥፍታ «60» ብላ በእጇ ትጽፍበታለች። የሙያው ደንብ ነው፣ ማንንም አሳስቶ አያውቅም ነበር።

ታች አባባ አሉ። ድርጅቱን ከአሁኑ አለቃ አባት ጋር ያቆሙ፣ ከእንጨት ጋር ያረጁ አናጢ ናቸው። ሲምሉ «ዐይኔን ግንባር ያድርገው!» ይላሉ፤ ሲቆጡም፣ ሲያደንቁም ያችው ናት።

አንድ ቀን አባባ የሠሩትን ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን ሊረከቡ ሰዎች መጡ። አለቃው፣ ችኩል ግን ክፉ ያልሆነ ወጣት፣ የራሱን ኮት አውልቆ ውስጡ ሰቀለና በሩን ገፋ። በሩ አልዘጋ አለ። ደግሞ ገፋው። የኮቱ ትከሻ ወደ ውጭ ቀርቷል።

«ይሄ ቁም ሳጥን ነው ወይስ የግድግዳ ጌጥ?» አለ። ሜትር ሲዘረጋ ጥልቀቱ ሠላሳ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱ መጣ። «አባባ፣ ስልሳ አይልም እንዴ?»

«ይላል እንጂ፤ ይኸው» አሉ አባባ፣ ጣታቸውንም በልበ ሙሉነት ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ያሳረፉት ግን ቁመቱ የተጻፈበት ቦታ ላይ ነበር።

አለቃው ወደ ደንበኞቹ ዞሮ ነበርና አላየም። ሚሊሜትር ግን አየች። አባባ ቁጥሩ አይታያቸውም። አለቃው ይህን ካወቀ ከመጋዝ አጠገብ አንድ ቀን አያሳድራቸውም፤ አባባ ደግሞ ከዚያ መሥሪያ ጠረጴዛ ከተነሱ ቤታቸው ገብተው ምን እንደሚሆኑ ማሰብ አልፈለገችም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ይሄ ኋላ የታረመው ነው፤ ለመቁረጫ የሰጠኋቸው ልኩ ያልታረመውን አሮጌ ወረቀት ነው።»

ሚሊሜትር ተሳሳትኩ ስትል ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያት። አለቃው በደንበኞቹ ፊት አፍሮ ነበርና ወዲያው ደብዳቤ ጻፈባት፦ በቸልተኝነት ዕቃ አበላሽተሻል፣ ሌላ ስሕተት ከተገኘብሽ ከሥራ ትሰናበቻለሽ። እሷም ፈረመች።

ከሰዓት በኋላ አባባን ከሰገነቷ ሆና ስታያቸው ዋለች። የብረት ማስመሪያቸው ጠርዝ ላይ በየሴንቲሜትሩ በሞረድ የተሠራ ጥርስ አለ። ማስመሪያውን ሥዕሉ ላይ ያጋድሙና ጥርሶቹን በአውራ ጣት ጥፍራቸው ይቆጥራሉ። በወረቀቱ ላይ አንድ ጥርስ፣ በእንጨቱ ላይ አሥር ሴንቲሜትር ነው። ጠቆር ያለ መስመር ይታያቸዋል፤ ደቃቃ ቁጥር ግን የለም። የዚያን ቁም ሳጥን ጥልቀት ሦስት ጥርስ አገኙ፣ ሠላሳ አድርገው ቆረጡ። ኮምፒውተሩ ራሱ ሠላሳ ብሎ የለ? ሁለቱም እንደለኩት ነው የተናገሩት፤ የዋሸችው ሥዕሏ ናት።

ያን ዕለት ኦብሊክን ተወች። አይሶሜትሪክ የሚባለውን ያዘች፤ በዚህኛው ዕቃው በማዕዘኑ ቆሞ ይታያል፣ ወርዱና ጥልቀቱ በሠላሳ ዲግሪ ግራና ቀኝ ይወጣሉ፣ ቁመቱ ቀጥ ይላል፣ ሦስቱም ግን በሙሉ ልካቸው ይሳላሉ። የትኛውን ቢለኩት አይዋሽም። መስመሩን አወፈረችው። የሥራ ባልደረቦቿ «በከሰል ነው እንዴ የምትስዪው?» እያሉ ሳቁባት። «አዲሱ ፋሽን ነው» አለች፤ ፊቷ አልተፈታም።

አይሶሜትሪክም ቢሆን ጉድ አለው። የወንበር መደገፊያ ሲያጋድል ያ ያዘነበለ መስመር ልኩን ይስታል። ለአባባ ስትል ወንበሩን በሙሉ በሳጥን ውስጥ አስገብታ፣ መደገፊያው የሳጥኑን ጠርዝ የሚነካበትን ቦታ በጥቁር ነጥብ ታመለክታለች። በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል።

አባባ አንድም ቀን አላመሰገኗትም። ግን አንድ ጠዋት ስትገባ ሲወዛወዝ የኖረው ጠረጴዛዋ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሌላ ቀን ነፋስ የሚያስገባው መስኮቷ ጠርዙ ተደፍኗል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እንዲህ ሆነው ሦስት ዓመት ሠሩ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ብዙ ባልና ሚስት እንዲህ ተግባብተው አይኖሩም።

በመጨረሻ አልቻለችም። «አባባ፣ የዐይን ሞራ እኮ ይገፈፋል። ቀላል ነው አሉ» አለቻቸው፣ በጆሯቸው።

«ዐይኔ ምን ሆነ? አንቺ ሥዕልሽን ሳዪ!» ብለው አምባረቁ። አራት ቀን አኮረፏት። በአምስተኛው ቀን «ሴት ልጄን ልጠይቅ» ብለው ለአለቃው ነገሩና ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ቆይተው ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ። ማንም ሳያያቸው በዳበሳ ይወጡት የነበረውን አሥራ ስምንት ደረጃ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ወጡና መነጽራቸውን አነሱ። ትክ ብለው አዩዋት።

«አንቺ ነሽ ሚሊሜትር? ልጅ ነሽ እንዴ! በንዝንዝሽ እኩያዬ መስለሽኝ ነበር።»

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ከማለቷ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው በላይ ካለው ምስማር የነቀሉትን አሮጌ ሥዕል ከፊቷ ዘረጉት። አምና በበርና በግድግዳ መካከል የገባ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነበር።

«ወርዱ ስንት ይላል?»

«ሃምሳ አራት።»

ማስመሪያቸውን አጋደሙት። «ጥርሱን ቁጠሪ።»

ቆጠረች። አራት ጥርስ ተኩል፣ አርባ አምስት። ቦታውን ራሷ ሄዳ የለካችው ነበር፤ መስመሩን በትክክል ስላ፣ ቁጥሩን በዚያ በማይለቃት ልማድ በእጇ ስትጽፍ ገልብጣዋለች። ወንበሯ ላይ ዝርግት አለች።

«አየሽ? ያኔ ዐይን ቢኖረኝ ኖሮ ሃምሳ አራት አድርጌ እቆርጠው ነበር፤ ዛሬ አንቺ እዚህ አትቀመጪም ነበር» አሉ አባባ፤ ሳቁ፣ እሷም እያለቀሰች ሳቀች። «ያን የቁም ሳጥን ለታ ግን አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽኝ። ተነሺ፣ እንውረድ።»

አለቃው ጋ ገቡና ማስጠንቀቂያውን ከፋይሉ እንዲያወጣ ጠየቁት። ግራ እየገባው አወጣ። አባባ በሩን እንደተከፈተ ትተው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ለዓመታት ፊደል ባላየው ዐይናቸው ቃል በቃል አነበቡት። «በቸልተኝነት» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጥሩ ደብዳቤ ነው» አሉ። «ስሙ ብቻ ነው የተሳሳተ። ስልሳውን ሠላሳ አድርጌ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩ አይታየኝም ነበር። እሷ አውቃ ነው የተሸከመችልኝ፣ ዐይኔን ግንባር ያድርገው።»

ከጆሯቸው ላይ የአናጢ እርሳሳቸውን አወረዱ። የሚሊሜትርን ስም ሰረዙና ከበላዩ የራሳቸውን ጻፉ፤ በዝግታ፣ በወፍራሙ፣ ከበር ላይ እንዲነበብ አድርገው። አለቃው ወረቀቱን ተቀብሎ እንዳለ ወደ ፋይሉ መለሰው። እስከ ዛሬ እዚያው አለ።