አጎቴ ያልደገሙት ጥያቄ

አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ብቸና ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን በቅስና ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ እኔ ግን አብዝቼ የማስታውሳቸው እንግዳን ሁለቴ ባለመጠየቃቸው ነው። "አንዴ ሲሆን ጥያቄ ነው፤ ሲደገም ምርመራ ይሆናል" ይሉ ነበር።

ናይጄሪያዊውን ባሌን መጀመሪያ ወደ ቤታችን የወሰድኩት ዕለት፣ እናቴ ስለ አገሩ በዓላት ጠየቀችው። እሱም ዮሩባ መሆኑን፣ ራሱ ክርስቲያን ቢሆንም በከተማቸው ኦሮ የሚባል የጥንት በዓል እንደሚከበር፣ በዚያ ቀን ሴቶች በር ዘግተው ቤት እንደሚውሉ ነገራት። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

"ወንዶቹስ ውጭ ምን ያደርጋሉ?"

"እሱ ለሴት አይነገርም። ለሚስቴም አልነገርኳት።"

የእናቴ ፊት ጠቆረ። "ወንድም ጋሼ፣ ልጄን ለማን ነው የሰጠሁት?" አለች።

አጎቴ ሳቁ። "የእኛን ከእነሱ ጋር አላመሳስልም። ግን ይኸን ሁሉ ዘመን ታቦት ስሸከም፣ ከመጎናጸፊያው ሥር ያለውን አንድ ቀን አይተሽ ታውቂያለሽ? ምስጢር መጠበቅ የሚችል ሰው የልጅሽንም ገመና ይጠብቃል።" ከዚያም ወደ ባሌ ዞረው የእናቱን ጤና ጠየቁት።

ዛሬ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ አጎቴ ይቀመጡበት የነበረውን መደብ ማንም አልደፈረውም። ባሌ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። እናቴ ክንዱን ይዛ እዚያው መደብ ድረስ ወሰደችውና፣

"እዚህ ተቀመጥ፣ ልጄ" አለችው።